ሳቅ ከመርዶ ሲቀድም

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

የ36 ዓመት ጎልማሳ ስሆን የምኖረው አዳማ ነው። በመሰናዶ ትምህርት ቤት አብረን የተማርን 50 ያህል ሰዎች በቴሌግራም አንድ ቡድን አለን። ግማሾቻችን አገር ቤት ስንሆን የቀሩት በዋሽንግተን፣ በሪያድና በቴል አቪቭ ተበታትነው ስለሚኖሩ በአካል ከተያየን ዓመታት ሆነውናል፤ የሚያገናኘን ጨዋታ ብቻ ነው። በየማለዳው አንዱ ያገኘውን ጉደኛ ዜና ይለጥፋል፤ ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ስንቀላለድበት እንቆያለን። የቡድኑ ቀልደኛ እኔ ነኝ ይባላል።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዱ ጓደኛችን፣ የወደቀ ስልኩን ለማውጣት መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ወጣትና እርሱን ለማዳን ተከትሎት የገባ ሌላ ሰው ሕይወታቸው እንዳለፈ የሚናገር አጭር ዜና ለጠፈ። እኔም ወዲያው «ለመሆኑ ስልኩ ስንት ፐርሰንት ቻርጅ ነበረው?» ብዬ ጻፍሁ። ሳቁ ሲደምቅ «ሁለተኛውስ ሚስድ ኮል ሊያደርግለት ነው የገባው?» ብዬ ጨመርሁ። ከ30 በላይ የሳቅ ምልክት ተደረደረልኝ። በሁለተኛው ቀን እምብዛም የማትናገር አንዲት የክፍላችን ልጅ ያለ አንድ ቃል ከቡድኑ ወጣች። ምክንያቱን ከቅርብ ጓደኛዋ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ሟች ታናሽ ወንድሟ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጓደኞቼ «ጽሑፉን አጥፋና ዝም በል፤ ብታነሣባት ቁስሏን መንካት ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «በሰው ሞት የሚስቅ ሰው ሆነሃል» አለችኝ። የቤተሰቧ ቤት ከእኔ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልተው? ሽማግሌ ልላክ? ቡድኑንስ ከነጨዋታው መዝጋት ይገባናል?

ሳቄ ያሳፈረኝ፣ ከአዳማ»

ውድ ወንድሜ፤

ከጥያቄዎችዎ ሁሉ በፊት እርስዎ ያላነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ የቀሩትም በእርሱ ላይ የሚንጠለጠሉ ይመስለኛል። ያቺ የክፍልዎ ልጅ ቀልድዎን ያነበበችው መርዶዋን ከሰማች በኋላ ነው ወይስ ከመስማቷ በፊት? በኋላ ከሆነ በሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን ደርበውባታል። በፊት ከሆነ ግን የሳቅ ምልክት ከደረደሩልዎ ሰዎች አንዷ እርሷ ራሷ ልትሆን ትችላለች። ይህ ሲታሰበኝ ብዕሬን አስቀምጬ ጥቂት ቆየሁ።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ሰው ሲሞት ወሬው እንደ ልብ አይለቀቅም። የቅርብ ሰዎች ለብቻቸው ይመክራሉ፤ ሐዘንተኛው የልብ ሕመም እንዳለበት፣ ሴት ከሆነችም ነፍሰ ጡር እንደሆነች ይጠያየቃሉ፤ ወሬው ማታ ከደረሰም «ዛሬን ይተኛ» ተብሎ ይታደራል። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች አንድ ላይ ሆነው ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ ሲያይ ቃሉ ሳይነገረው ነገሩን ይረዳዋል፤ ሲወድቅም የሚይዘው ክንድ አጠገቡ አለ። በስደት ያሉትም ይህን ልማድ አልጣሉትም፤ ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ስልክ የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጓደኞቹ ነው፤ እነርሱም ተጠራርተው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ይደርሳሉ። ይህ ሁሉ ድካም ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ስልክ ላይ የሚለጠፍ ዜና ግን ያን ሁሉ አጥር ዘልሎ ይገባል፤ ስም ባይጠቅስ እንኳ የቀበሌውን ስም፣ የሟቹን ዕድሜ፣ አንዳንዴም የለበሰውን ልብስ ይናገራል። እህት ደግሞ የወንድሟን ልብስ ታውቃለች።

ባለቤትዎ «በሰው ሞት የሚስቅ ሰው» ማለታቸውን እኔ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሙሉ አልቀበለውም። እኛ በሞት አጠገብ የምንስቅ ሰዎች ነን፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ እየቀረበ፣ በአንዱ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ፤ በሌላው ጥግ አንድ ጨዋታ አዋቂ ሰው ሐዘንተኛውን ለማስረሳት የማያመጣው ወሬ የለም። እኔ እናቴን በቀበርሁ በአራተኛው ቀን አንድ ጎረቤታችን ከእናቴ ጋር በአንድ ወንፊት የተነሣ ለሁለት ዓመት እንዴት እንደተኳረፉ ሲተርኩ፣ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጥሁ ጎኔን እስኪያመኝ ስቄአለሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ድረስ ከተነገረኝ ማጽናኛ ሁሉ ይበልጥብኛል። ነገር ግን እኒያ ጎረቤት አስቀድመው አልቅሰዋል፤ ሬሳዋን ተሸክመው ቀብረዋል፤ እናቴን በስሟ ይጠሯታል፤ ጨዋታውንም ያመጡት ለእኔ ብለው ነው። በእርስዎ ቀልድ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል የለም። ለቅሶው ሳይደረስ፣ ሟቹ ሳይታወቅ፣ ለሐዘንተኛው ሳይሆን ከሐዘንተኛው ውጪ ላለው ሁሉ የቀረበ ሳቅ ነበር። ስሕተቱን እዚህ ላይ ይፈልጉት፤ ራስዎን ጨካኝ ብለው መስደቡ ለእርሷም ለእርስዎም የሚያተርፈው ነገር የለም።

በጉደኛ ዜና መቀላለድም ከቴሌግራም ጋር የመጣ አይደለም። የፖሊስ ጋዜጣ በየሻይ ቤቱ እየተቀደደ እስኪያልቅ ይነበብ በነበረበት ዘመን አንዱ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌላው አስተያየት ይጨምራል፣ ቤቱም ይስቃል። ልዩነቱ አንባቢው ቀና ብሎ ዙሪያውን ማየት መቻሉ ነበር። ጥቁር የለበሰች ሴት ወይም ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ ሰው በአንዱ ጥግ ተቀምጦ ካየ ገጹን ገልበጥ ያደርጋል፤ ወሬውንም ወደ ሌላ ይመራዋል። በ50 ሰዎች ቡድን ውስጥ ጥቁር ልብስ አይታይም። ዝም ያለው ሁሉ የሚስቅ ይመስላል።

ከእኛው አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስልዎ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. አንድ የፕሮቴስታንት ፓስተር በአርባ ምንጭ፣ በአባያ ሐይቅ ዳር፣ 80 ያህል ምእመናንን ለማጥመቅ ውኃው ውስጥ ገብተው ነበር። የመጀመሪያውን ሰው አጥምቀው ወደሚቀጥለው ሲያልፉ አዞ ድንገት ከውኃው ወጥቶ ያዛቸው፤ ሕይወታቸውም አለፈ። ዜናው ዓለምን ሲዞር የተከተለው ፌዝ ብዙ ነበር፤ ስለ እምነታቸው፣ ስለ አዞው ሃይማኖት፣ ስለ ጥምቀቱ መሙላትና አለመሙላት ያልተባለ የለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በውኃ ላይ እራመዳለሁ ሲል በአዞ ተበላ የተባለ የደቡባዊ አፍሪካ ፓስተር ወሬ በሰፊው ተሠራጭቶ ፈጠራ ሆኖ ስለተገኘ፣ እውነተኛው ሞት ሲመጣም እንደ ተረት የሰማው ሰው ጥቂት አይመስለኝም። በዚያው ሰዓት ሐይቁ ዳር የነበሩት ዓሣ አጥማጆችና የአካባቢው ሰዎች ግን ፓስተሩን ለማዳን ታግለው አልሆነላቸውም፤ አስከሬናቸውን አዞው ወደ ጥልቁ እንዳይወስደው በዓሣ መረብ አስቀሩት። ከእነዚያ ሰዎች መካከል የአዞውን ቀልድ የፈጠረ ይኖራል ብዬ አላምንም። ቀልዱ ሁልጊዜ የሚመጣው መረብ ካልያዘው ሰው ነው። አባቶቻችን «የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላል» ያሉት ይህንኑ ርቀት ታዝበው ነው።

ወደ እርስዎ ዜና ልመለስ፤ ምክንያቱም በእርሱ ውስጥ ቀልዱ የሸፈነው ትልቅ ነገር አለ። «ለስልክ ብሎ ሞተ» የሚለው አነጋገር ሟቹን ሞኝ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ይባስ ሞኝ ያደርጋቸዋል። የሆነው ሌላ ነው። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻ ሲበሰብስ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል፤ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ በዚያ ላይ የጉድጓዱ ኦክስጅን ያነሰ ነው። ጋዙ ጥቂት ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛልና ሰው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይዘናጋል፤ ከፍተኛ መጠን ካለው ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ሰውን ይጥላል። ከላይ የቆመው ሰው የሚያየው ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ያለ ምንም ድምፅ ሲወድቅ ነው፤ ተንሸራቶ ወይም ራሱን ስቶ የወደቀ ስለሚመስለው ሳያመነታ ተከትሎት ይወርዳል። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባሉ የተዘጉ ቦታዎች ከሚሞቱት ሰዎች ውስጥ ከ60 በመቶ የሚበልጡት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን ጽፏል። እንግዲህ «ሁለተኛውስ ምን ሊያደርግ ገባ?» ለሚለው ቀልድዎ መልሱ ይህ ነው፤ ሰው ሲወድቅ አይቶ ቆሞ ማየት አልሆነለትም። እህቱ ይህን ታውቃለች። ምናልባት እስካሁን የቀራት መጽናኛም ይኸው ብቻ ነው፤ ቀልድዎም የነካው እርሱን ነው።

በዚያ ቀን ጠዋት ከ50ው አንዳችሁ ይህን ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ተከትሎ መውረድ እንደማይገባ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሆነም ወደ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን በ939 መደወል እንደሚቻል፣ ቢያንስ አንድ አንባቢ ልብ ይል ነበር። ይህን የምለው ቡድናችሁን የጤና ትምህርት ቤት እንድታደርጉት አይደለም፤ እንዲያ ካደረጋችሁት በሳምንት ውስጥ ሰው አልባ ይሆናል።

ቡድኑን አትዝጉት። በአራት አገር የተበተኑ ሰዎች በየማለዳው የሚገናኙበት ሌላ ደጅ ከሌላቸው ይህን መዝጋት ከበደሉ ጋር የማይመጣጠን ቅጣት ነው፤ የሚቀጡትም ያልበደሉት ጭምር ናቸው። ጉደኛ ዜና ሁሉ የሰው ደም ያለበትም አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ሲገኝ አገሩ ሁሉ ቀልዷል፤ እኔም «ሰምና ወርቅ ስንማር ኖረን ብረትና ወርቅ መጣብን» ብዬ ነበር፤ አላፍርበትም። እንዲህ ያለው ሳቅ ወደ ላይ፣ ጠያቂ ወደሌለው ሹመኛ የሚወረወር ስለሆነ ከተቆጣጣሪነት ሥራ ጥቂቱን ይሠራል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለሰዓታት ተዛብቶ ሰዎች በሒሳባቸው ካላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣት ሲችሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በሌሊት በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ሲሰለፉ የነበረው ጨዋታ ደግሞ መካከለኛው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳቁ የባንኩ ነበር፤ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስም በይፋ ሲወጣ ግን ያው ሳቅ ከባንኩ ወርዶ በአንድ የድሀ ልጅ ስም ላይ አረፈ። ዜናው አንድ ሆኖ ሳለ ቀልዱ መቼ ጎራ እንደቀየረ ብዙዎቻችን አላስተዋልንም። ስለዚህ ለቡድናችሁ ረጅም ደንብ አልጽፍም፤ አስከሬን ባለበት ዜና ላይ ግን ቀልድ አይኑር። ይህን አንዱን ብታከብሩ የቀረውን በመተዋወቃችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

አሁን ወደ እርሷ። ጓደኞችዎ «አጥፋና ዝም በል» ያሉት ከቅንነት ቢሆንም የሚያድነው እርስዎን እንጂ እርሷን አይደለም። ጽሑፉ ይጥፋ፤ ነገር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከቡድኑ የወጣችው አንብባ ነውና በእርሷ ልብ ውስጥ ያለው በመሰረዝ አይጠፋም። ከመሰረዝዎ በፊት በዚያው ቡድን ውስጥ፣ ቀልዱ በተነገረበት አደባባይ፣ በአጭሩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ ሁለቱ ሟቾች የጻፍሁት ነውር ነበር። ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን እያወቅሁ ለሳቅ ተጠቀምሁባቸው። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጽሑፉንም አጠፋዋለሁ።» የእርሷን ስም፣ ዝምድናዋንም ሆነ የወጣችበትን ምክንያት አይጥቀሱ፤ ሐዘኗ የቡድኑ ቀጣይ ወሬ እንዳይሆን። ሌሎቹ ሳቂዎች ተራ በተራ ይቅርታ እንዲጽፉም አይገፋፉ።

ሽማግሌ አይላኩ። የሽምግልናን ክብር አውቃለሁ፤ ብዙ ጠብ በእርሱ ሲበርድ አይቻለሁ። ነገር ግን ሽማግሌ ደጅዋ የቆመባት ሴት «አልችልም» ለማለት አቅም የላትም፤ ልማዱ አስገድዷት ይቅር ትላለች፤ እርስዎም እንቅልፍዎን ያገኛሉ፤ እርሷ ግን ከሐዘኗ ሌላ ያልፈለገችውን እርቅ ተሸክማ ትቀራለች። ወደ ቡድኑ መልሰው ለማስገባትም አይሞክሩ፤ ስትፈልግ መንገዱን ታውቀዋለች።

ነገሩን ለነገረችዎ የቅርብ ጓደኛዋ ይደውሉና «ለቅሶ መድረስ እፈልጋለሁ፤ ያጠፋሁትንም አውቃለሁ፤ መምጣቴ የሚከብዳት ከሆነ እቀራለሁ» ብለው በእርሷ በኩል ያስጠይቁ። ይህ መልእክት ቀድሞ መድረስ አለበት፤ አለዚያ ያን ቀልድ የጻፈውን ሰው ድንገት በሐዘን ቤቷ በር ላይ ማየቱ ሌላ ድንጋጤ ነው። «አይምጣ» ካለች ይቅሩ፤ በጓደኛዋ በኩል ማጽናኛዎን ይላኩ፤ ይህም ለቅሶ መድረስ ነው። «ይምጣ» ካለች ብቻዎን ወይም ከዚያችው ጓደኛ ጋር ይሂዱ። የቤተሰቡን ሃይማኖት አልነገሩኝም፤ የአርባ ተዝካር የሚያወጡ ከሆነ ገና አላለፈምና ከዚያ በፊት ቢሄዱ መልካም ነው፤ ሌላ ሥርዓት ካላቸውም ጓደኛዋን ጠይቀው በዚያ ይሂዱ።

እቤቱ ሲገቡ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ወላጆቿን ጭምር ሰላም ብለው፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይቀመጡ። ወላጆቿ ስለ ቀልዱ ምንም ላያውቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይቅርታዎን በእነርሱ ፊት አይዘርግፉት። ኑዛዜው ለእርስዎ እፎይታ ቢሰጥም ለእነርሱ ግን ያልነበራቸውን ሕመም ይጨምራል። ለብቻዋ የሚያገኙበት ጊዜ ካለ፣ ወይም እርሷው ካነሣችው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «በወንድምሽ ሞት ቀለድሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» «ወንድምሽ መሆኑን አላውቅም ነበር» የሚለውን ሰበብ እባክዎ ቤትዎ ትተውት ይሂዱ፤ የሌላ ሰው ወንድም ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረበትም እንደ ማለት ይሰማልና። «አስቀይሜሽ ከሆነ» አይበሉ፤ አስቀይመዋታል። ብትቆጣም ብታለቅስም ዝም ብለው ይስሙ፤ ዝም ብትልዎም ንፍሮዎን ዘግነው፣ ቆይተው፣ ተሰናብተው ይውጡ። ከዚያ በኋላ መልስ ካልላከችልዎ ሁለተኛ መልእክት አይላኩ።

ወደዚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ግን ከጓደኛዋ አንድ ነገር ጠይቀው ይወቁ፤ የወንድሟን ስም። በቀልድዎም ሆነ ለእኔ በጻፉልኝ ደብዳቤ ውስጥ እስካሁን «ሁለተኛው» ብቻ ነው።